ሦስት ጊዜ ማንኳኳት፦ የትላልቅ የጤና ጥናቶች የመስክ ሥራ ሲዳሰስ

በጥናት ሪፖርቶች የመጀመሪያ ገጾች ላይ ብዙ አንባቢ ዘሎ የሚያልፋት አንዲት ትንሽ ሠንጠረዥ አለች። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ውስጥ ያለችው እንዲህ ትላለች፦ ሰው ከሚኖርባቸው 17,067 ቤቶች 16,650ዎቹ ተጠይቀዋል፤ 98 በመቶ። ሊጠየቁ ከሚገባቸው 16,583 ሴቶች 15,683ቱ ተጠይቀዋል፤ 95 በመቶ። ከ14,795 ወንዶች ግን የተጠየቁት 12,688 ናቸው፤ 86 በመቶ። ከሰባት ወንድ አንዱ የለም ማለት ነው። ቤቱ ተገኝቷል፣ ሚስቱ ተጠይቃለች፣ ልጆቹ ተመዝነዋል፤ እሱ የለም።

የት እንደሄደ መገመት አያቅትም። ማሳ ላይ ነው፣ ገበያ ወርዷል፣ የቀን ሥራ ፍለጋ ከተማ ገብቷል፣ ወይም ከብቶቹን ይዞ ውኃ ወዳለበት ርቋል። ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ መረጃ ሰብሳቢዎቹ ቀበሌው ውስጥ ነበሩ ወይስ መኪናዋ ተነሥታለች? በጤና ጥናቶች ጥራት ላይ ከሚነሡት ክርክሮች አብዛኞቹ፣ ሥራቸው ድረስ ሲቆፈሩ፣ የዚህች ጥያቄ ዘመዶች ሆነው ይገኛሉ። ጥናትን የሚያበላሸው አቋራጭ ነው። በአቋራጩ የሚሄደው መረጃ ሰብሳቢው ቢሆንም፣ መንገዱን የሚጠርግለት ቀኑንና ውሎ አበሉን የቆረጠው ክፍል ነው።

እንዲህ ያሉ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናቶችን የሚያካሂደው የዲኤችኤስ መርሐ ግብር በአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ በ1984 ተጀመረ (ዓመቶቹ ሌላ ካልተባለ እ.ኤ.አ. ናቸው)፤ ከ90 በሚበልጡ አገሮችም ከ400 በላይ ጥናቶች አካሂዷል። ኢትዮጵያ ሙሉውን ጥናት በ2000፣ በ2005፣ በ2011 እና በ2016፣ አጠር ያለውን ደግሞ በ2014 እና በ2019 ሠርታለች። አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱ ሕፃናት በመጀመሪያው ጥናት ከ1,000 ውስጥ 166 ነበሩ። ከዚያ 123፣ 88፣ 67 እያለ በ2019 ከ60 በታች ወረደ። ልደትና ሞት በወጉ በማይመዘገብበት አገር ይህን የሚነግር ሌላ ምንጭ የለም ማለት ይቻላል። የጤና ሚኒስቴሩ ዕቅድ፣ የለጋሹ በጀት፣ የተማሪው መመረቂያ ጽሑፍ፣ ሁሉም ከዚያው ሪፖርት ይቀዳል።

ሥራው የሚጀምረው ከካርታ ነው። የ2007ቱ ሕዝብና ቤት ቆጠራ አገሪቱን በ84,915 የቆጠራ ቦታዎች ከፍሏት ነበር፤ በአማካይ በአንዱ ውስጥ 181 ቤተሰብ ይገኝ ነበር። ለ2016ቱ ጥናት ከእነዚህ 645 ወጡ፤ 202ቱ ከከተማ፣ 443ቱ ከገጠር። ከዚያም በየቆጠራ ቦታው 28 ቤተሰብ። ቀላል ሒሳብ ይመስላል። ዝርዝሩ ግን የዘጠኝ ዓመት ዕድሜ ነበረው፤ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ባዶ ሜዳው ኮንዶሚኒየም ሆኗል፣ መንደሩም ፈርሷል። ስለዚህ ከጠያቂዎቹ በፊት መዝጋቢዎች ሄደው እያንዳንዱን ቤት ይጽፋሉ፣ ንድፍ ካርታ ይስላሉ። (በ2019ኙ ጥናት የተሻለ ዝርዝር ተገኝቶ ነበር፤ ለአራተኛው ቆጠራ የተዘጋጁ 149,093 የቆጠራ ቦታዎች። ቆጠራው ራሱ ሳይካሄድ ቀረ።)

የመጀመሪያው አቋራጭ እዚህ ነው፤ ማንም አያየውም። መዝጋቢው ከሰዓት በኋላ ጉብታ ላይ ቆሞ ከገደሉ ማዶ የሚጤስ ጭስ ያያል።

«ያ ማዶ ያለው የማን ቤት ነው?» ብሎ መንገድ መሪውን ይጠይቃል።

«እሱ የሌላው ጎጥ ነው» ይላል መንገድ መሪው፤ እሱም ደክሞታል።

አይደለም፤ የዚሁ ጎጥ ነው። ገደሉን ወርዶ መውጣት ግን ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ከዝርዝር የወጣ ቤት ዕጣ አይደርሰውም፤ ዕጣ ያልደረሰው ቤት «አልተገኘም» ተብሎ እንኳ አይመዘገብም። የምላሹ መጠን 98 በመቶ ሆኖ ይቀራል። ከገደሉ ማዶ ያሉት ቤቶች ደግሞ ከጤና ጣቢያ የራቁት፣ ሴት ምጥ ሲይዛት በቃሬዛ የምትወጣባቸው ናቸው። ለምዝገባ የተመደበ በጀት ሲቀነስ የሚጠፉት በቅድሚያ እነሱ ናቸው። በእኔ ግምት በመስክ ሥራ ውስጥ ከሚገባው በታች የሚከፈለው፣ ከሚገባው በታችም የሚታየው ይህ ምዝገባ ነው።

አንዳንዴ የሚጎድለው አንድ ጭስ ብቻ አይሆንም። በ2005 ከሱማሌ ክልል የተጠናው የሽኒሌ፣ የጅጅጋና የሊበን ዞን ብቻ ነበር። በ2011 ክልሉ ውስጥ ከተመረጡት 65 የቆጠራ ቦታዎች 10ሩ በጸጥታ ምክንያት አልተመዘገቡም፤ 18ቱ ደግሞ ተመዝግበውም በድርቅና በጸጥታ ችግር ሳይጠየቁ ቀሩ። ሪፖርቱ ይህን በግልጽ ጽፎታል፤ ሊመሰገን ይገባል። የሱማሌን ቁጥር ከሌላው ክልል ጎን አስቀምጦ ደረጃ የሚያወጣ ሰው ግን ያንን አንቀጽ ሲያነበው አላየሁም።

ስለ ደብዳቤው ብዙ አልልም። ከክልል ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ይጻፋል፤ የቀበሌው ሊቀ መንበር ስብሰባ ላይ ነው፤ ማኅተሙ እሱ ጋ ነው። ከዚህ ይልቅ ልብ የሚባለው ቤት ለቤት አብሮ የሚዞረው ሰው ነው። መንገድ መሪ የግድ ነው፤ ውሻውን የሚያውቀው እሱ ነው። ሆኖም የቀበሌ ሰው አጠገቧ ቆሞ «ስንት ከብት አላችሁ?» የተባለች ሴት ስለ ሴፍቲኔትና ስለ ግብር እያሰበች ነው የምትመልሰው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ አጠገቧ ቆማ «ሽንት ቤት ትጠቀማላችሁ?» ስትባል «አዎ» ትላለች፤ ያስተማረቻት እሷ ናትና። ጎበዝ ሱፐርቫይዘር መንገድ መሪውን ከበሩ መልሶ፣ ቡና ጋብዞ፣ ጥላ ሥር ያስቀምጠዋል።

ቋንቋውም አለ። የ2016ቱ መጠይቅ በአማርኛ፣ በትግርኛና በአፋን ኦሮሞ ተተርጉሟል። አገሪቱ ውስጥ ከ80 በላይ ቋንቋ ይነገራል። ስለዚህ አፋር ወይም ሱማሌ ያለች እናት የምትሰማው ጥያቄ ጠያቂዋ እዚያው፣ በዚያች ደቂቃ፣ በአፏ የተረጎመችው ነው። «ትኩሳት» እና «ወባ» ተመሳሳይ ቃል በሆኑበት ቋንቋ አንዷ ጠያቂ አንዱን፣ ሌላዋ ሌላውን ትጠይቃለች። መፍትሔው የታወቀ ነው፦ ጠያቂዎቹ ሥልጠና ላይ እያሉ በቋንቋ በቋንቋ ተቀምጠው፣ ጥያቄ በጥያቄ ጮክ ብለው ተርጉመው፣ ተከራክረው መስማማት አለባቸው። ይህ አንድ ሳምንት ይፈጃል። ሥልጠና ሲያጥር የሚቆረጠውም ያው ሳምንት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።

መጠይቁ ለእያንዳንዷ ሴት የወለደቻቸውን ልጆች ሁሉ ይመዘግባል፦ ስም፣ ጾታ፣ የትውልድ ቀን፣ በሕይወት አለ ወይስ ሞቷል። ልጁ ከአምስት ዓመት በላይ ከሆነ በአብዛኛው እዚህ ያበቃል። ከአምስት በታች ከሆነ ግን ገና መጀመሩ ነው። በእርግዝና ክትትል ነበራት? ማን አዋለዳት? ምን ምን ተከተበ? ባለፉት ሁለት ሳምንታት ተቅማጥ፣ ትኩሳት፣ ሳል ነበረበት? ምን ተደረገለት? ከዚያ ልጁ ይመዘናል፣ ቁመቱ ይለካል፣ ጣቱ ይወጋል። እንግዲህ ድንበሩ መስከረም 2003 ዓ.ም. ነው እንበል። በጥቅምት 2003 የተወለደ ልጅ ይህን ሁሉ ያስጠይቃል። በጳጉሜን 2002 ከተወለደ ነፃ ነው።

ለጠያቂዋ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል፤ ከሁለት ቤት በቀር ምንም አልሠራችም፤ ቁርስ ላይ የበላችው ዳቦ ነው።

«እህቴ፣ ይሄኛውን መቼ ወለድሽው?»

«ጤፍ አጨዳ ላይ።»

«የትኛው ዓመት?»

«አባቱ የታመመ ዓመት።»

እናትየው አልዋሸችም፣ አልረሳችምም። በእሷ አቆጣጠር ቀኑ ቁልጭ ያለ ነው። የጎደለው ያንን ወደ ዓመተ ምሕረት የሚቀይር ሰው ነው። ጥሩ ጠያቂ የአካባቢውን የክስተቶች መዝገብ ታወጣለች፤ ድልድዩ የተሠራበት፣ ትምህርት ቤቱ የተከፈተበት፣ ዝናብ የጠፋበት ዓመት። የክትባት ካርድ ይኖር እንደሆነ ትጠይቃለች። ክርስቲያን ቤት ከሆነ ክርስትናው ከየትኛው በዓል ጋር እንደዋለ ትጠይቅና አርባውን ወይም ሰማንያውን ቀን ወደ ኋላ ትቆጥራለች። እስላም ቤት ከሆነ ከረመዳን በፊት ነበር በኋላ ትላለች። የጎረቤት ልጅ ይጠራል፤ «ከእሱ በስንት ወር ይበልጣል?» ይባላል። አምስት ወይም ስድስት ደቂቃ ነው። የደከመችዋ ደግሞ ራሷ ትወስናለች፦ 2002።

አንድ ልጅ ምንም አይደለም። ይህ በመቶ ቤቶች ሲደገም ግን በሠንጠረዡ ላይ እንደ ጠባሳ ይታያል። ከድንበሩ በፊት ያለው ዓመት ልጅ ይበዛበታል፣ ከድንበሩ በኋላ ያለው ይሳሳል። የወሊድ መጠን በቅርብ ዓመታት የወረደ ይመስላል። የሞቱ ልጆች በሕይወት ካሉት ይልቅ ከተገፉ ደግሞ የሕፃናት ሞት ከእውነቱ በላይ የቀነሰ ይመስላል፤ ለሪፖርት የሚያምር፣ ለሕፃናት የማይጠቅም ቅናሽ። የዲኤችኤስ ሪፖርቶች በአባሪዎቻቸው ልደቶችን በየዓመቱ ዘርዝረው የሚያወጡት ለዚህ ነው፤ ገመናቸውን ራሳቸው ያሳያሉ። በሴቶችም ላይ ያው ነው። የሚጠየቁት ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉት ናቸውና የ15 ዓመቷ ልጅ 14 ትሆናለች፣ የ49 ዓመቷ 50 ትሆናለች፤ ሁለቱም ከመጠይቁ ያመልጣሉ። ጠያቂዋም አብራ ታመልጣለች።

(እግረ መንገዴን፦ የእኛ ጥናት መረጃ በእኛው አቆጣጠር ስለተቀመጠ ከሌላ አገር ጋር የሚያወዳድር ሰው በወራት ስሌቱ ላይ 92 መደመር አለበት። ይህን ሳያውቅ የሠራ የውጭ ተመራማሪ ልጆቻችንን ስምንት ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ይወስዳቸዋል።)

መፍትሔው ምንድን ነው? ጠያቂን መስደብ አይደለም። በሰንጠረዥ መቆጣጠር አንዱ ነው፤ በየሳምንቱ ቡድን በቡድን «እናንተ የአራት ዓመት ልጆች ለምን አነሱባችሁ?» ብሎ መጠየቅ። የተያዘች ቡድን በሚቀጥለው ሳምንት ትስተካከላለች። ቁጥጥሩ ፊልድ ካለቀ በኋላ ከመጣ ግን ለሪፖርቱ የግርጌ ማስታወሻ ከመሆን አያልፍም። ሁለተኛው ቀን መጨመር ነው።

ሒሳቡን ተመልከቱ። በ2016 ሥራውን የሠሩት 33 ቡድኖች ነበሩ፤ በፈረንጆቹ ከጃንዋሪ 18 እስከ ጁን 27። ለአንዱ ቡድን ወደ ሃያ የቆጠራ ቦታ ይደርሰዋል፤ ጉዞና ዕረፍት ተደምሮ ለአንዱ ስምንት ቀን ገደማ። በቂ ነው። ያንኑ ሥራ 100 ቡድን ቀጥሮ በሁለት ወር መጨረስ ይቻል ነበር፤ በወረቀት ላይም ፈጣን ይመስላል። ነገር ግን መቶ ጥሩ ሱፐርቫይዘር ከየት ይመጣል? ትንሽ ቡድን ረዥም ጊዜ ሲሠራ ስህተቱን ይማርበታል። ብዙ ቡድን አጭር ጊዜ ሲሠራ ገና መጠይቁን ሲለምደው ያልቃል። ሕንድ በአምስተኛው ብሔራዊ የቤተሰብ ጤና ጥናቷ ከ2019 እስከ 2021 ድረስ 636,699 ቤተሰቦችን ለመድረስ 17 የመስክ ተቋማትን በኮንትራት አሰማርታለች፤ ስፋቷ ያንን ያስገድዳታል። እኛን የሚያስገድደን የለም።

ይህን የምለው ከራሴ ነው። ሱፐርቫይዘር ሆኜ በወጣሁበት አንድ ጥናት የቀጠረን ክፍል ለአንድ የቆጠራ ቦታ ሦስት ቀን ቆረጠ። ለደጋውም ሦስት፣ መኪና ለማይገባበት ቆላም ሦስት። የመጀመሪያው ቀን ሊቀ መንበሩን በመጠበቅ ያልቃል። በሦስተኛው ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስድስት ቤት ቀርቶናል፤ ሾፌሩ ሞተሩን አስነሥቷል። ጠዋት ላይ መጠይቆቹን ስቆጥር ስድስቱም ተሞልተዋል። ጠያቂዎቹ አልዋሹኝም፤ እኔ አልጠየቅኳቸውማ። አበሉ በቀን ቢከፈል ያዘገያል፣ በመጠይቅ ቢከፈል ያጣድፋል እየተባለ ሁልጊዜ ክርክር ይነሣል። እኔ በቀን መከፈሉን እመርጣለሁ፤ ዝቅተኛው ቀን ተወስኖ፣ ቀድሞ የጨረሰም ቀኑ ሳይቆረጥበት።

ልኬቱ ሌላ ዓለም ነው። ከሁለት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ተኝቶ ነው የሚለካው፤ ሰሌዳው መሬት ላይ ይዘረጋል፣ አንድ ሰው ጭንቅላቱን ይይዛል፣ ሌላው ጉልበቱን ተጭኖ የእግር ሰሌዳውን ያስጠጋል። ሕፃኑ ይጮኻል፣ እናት ትሳቀቃለች፣ አያት «ልጁን ገደላችሁት» ትላለች። በዚህ መሐል ንባቡ 78.3 ነው ወይስ 78? ሁሉም ቁጥር በዜሮና በአምስት የሚያልቅበት መዝገብ ካያችሁ ሰሌዳው አልተነበበም፤ ተገምቷል። አንድ ሴንቲሜትር ደግሞ ልጁን ከ«ቀነጨረ» ወደ «ደኅና» ያሻግራል። ለደም ማነስ ጣት ሲወጋ የመጀመሪያው ጠብታ ይጠረጋል። ውጤቱም በከፍታ ይስተካከላል፤ ደጋ ያለ ሰው ደም በተፈጥሮው ስለሚወፍር የደብረ ብርሃን ልጅ ከአዋሽ ልጅ ጋር በአንድ ሚዛን አይታይም።

ለኤችአይቪ ምርመራ የሚሆነው የደም ወረቀት ይበልጥ ትዕግሥት ይፈልጋል። ጠብታው ወረቀት ላይ ከተንጠባጠበ በኋላ ከዝንብና ከፀሐይ ተጠብቆ ሌሊቱን ይደርቃል፤ ማለትም ቡድኑ በሚያድርበት አልቤርጎ ክፍል ውስጥ፣ አልጋው አጠገብ። ጠዋት እርጥበት ከሚመጥ ከረጢት ጋር ታሽጎ ወደ አዲስ አበባ ይላካል። ይህ አድካሚ ሥራ በ2005 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሠራ አገሪቱ ስለ ራሷ የነበራትን ሐሳብ ለውጧል። ከነፍሰ ጡሮች ክትትል የተሰላው የ2003 ግምት ከአዋቂዎች 4.4 በመቶው ኤችአይቪ አለባቸው ይል ነበር። ቤት ለቤት የተወሰደው ደም 1.4 በመቶ አለ። ክርክሩ ለጊዜው ተጧጡፎ ነበር፤ ደም አልሰጥም ያሉት ሰዎች እነማን እንደነበሩ መጠየቅም ተገቢ ነበር። ከተማ ክሊኒክ የሚመጣው ሰው ግን አገሪቱ አይደለም። የ2010–11ዱ የሳንባ ነቀርሳ ጥናት መንገዱን ገልብጦ ሰዉን ወደ ማዕከል ጠራው፤ በ85 ክላስተሮች 46,697 ሰዎች ተመርምረዋል፣ ከተጠሩት 90 በመቶ ገደማ መሆኑ ነው። ሰው ራሱ ሲመጣና እኛ ስንሄድ የሚቀሩት ሰዎች አንድ አይደሉም፤ ያ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።

ታብሌቱን ባጭሩ ልለፈው። በ2016 ወረቀት ቀርቶ ታብሌት ሲገባ የተዘለለ ገጽና የማይጣጣም ዕድሜ የሚባል ጣጣ በአመዛኙ አብቅቷል። እውነትን ግን አያስገኝም፤ የተፈበረከ መልስም በንጽሕና ይቀበላል። የሚጠቅመው በሰዓቱና በጂፒኤሱ ነው። አርባ ደቂቃ የሚፈጅ ቃለ መጠይቅ በአሥራ ሁለት ደቂቃ ካለቀ፣ ሦስት ቤተሰብም አንድ ዛፍ ሥር የሚኖሩ ከሆነ፣ የዛፉ ጥላ ጥሩ ነበር ማለት ነው።

ታብሌት የማያየው ነገርም አለ። የኢትዮጵያ ዲኤችኤስ በ2016 ስለ ቤት ውስጥ ጥቃት ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቀ። ከአንድ ቤት አንዲት ሴት ብቻ ትጠየቃለች፣ ብቻዋን፤ ሰው ከገባ ጠያቂዋ ወሬውን ወደ ልጅ ምግብ ትቀይራለች። አንድ ክፍል በሆነ ጎጆ፣ አማት ምድጃው አጠገብ በተቀመጡበት፣ ብቸኝነት ከየት ይመጣል? ልምድ ያላት ጠያቂ «ጓሮሽን አሳይኝ» ትላለች። ጎመን እያዩ ነው የሚያወሩት።

በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያቋርጥ የዲኤችኤስ መርሐ ግብርም ተቋረጠ። ከእንግዲህ ጥናቱን በማን ገንዘብ፣ በምን ያህል ቀን እንሥራው የሚለው ክርክር ይነሣል፤ ርካሹ ሐሳብም ቀድሞ ይመጣል። ስልክ አንዱ ነው። በኮሮና ጊዜ በዓለም ባንክ ድጋፍ ቤተሰቦች በስልክ ተጠይቀዋል፤ ለዋጋና ለሥራ ጉዳይ ጠቅሟል። ስልክ ግን ሕፃን አይለካም፣ ጓሮ አይወጣም፣ ስልኩም ብዙ ጊዜ ባልየው ኪስ ውስጥ ነው። ሁለተኛው ርካሽ ሐሳብ ሦስቱን ጉብኝት ሁለት ማድረግ ነው። ደንቡ ያልተገኘን ሰው ቢያንስ ሦስት ጊዜ፣ በተለያየ ሰዓት፣ መፈለግ ነው፤ በጎረቤት መተካት ክልክል ነው።

በኋላ በወጣሁበት ሌላ ጥናት ቀኑ ይበቃን ነበር። አንድ ሰው ጠዋት አጣነው፣ ቀን አጣነው። ሾፌራችን «ለአንድ ሰው ብለን እንደር?» አለ፤ አደርን። ሰውየው በሬዎቹን እየነዳ ሲመጣ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኗል፣ ጨለማ ነው።

«ጋሼ፣ እንደምን አመሹ? ከጤና ጥናት ነው የመጣነው፣ ጥቂት ጥያቄ ነበረን።»

«ጠዋትም መጥታችሁ ነበር አሉኝ።»

«ቀንም መጥተናል።»

ሳቀ። በሬዎቹን አስገባ፣ እግሩን ታጠበ፣ ደጃፉ ላይ ካለው መደብ ተቀመጠ። ጠያቂው የታብሌቱን ብርሃን ቀነሰና ከመጀመሪያው ጥያቄ ጀመረ።